ብዙ ፐብሊክ አይፒ ላለው ትንሽ ቢሮ የትኛው ራውተር ይሁን?

ከኢንተርኔት አቅራቢው አምስት ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ወስዶ በአንዱ ብቻ የሚሠራ ቢሮ ጥቂት አይደለም። አራቱ በየወሩ እየተከፈለባቸው ያለ ሥራ ይቀመጣሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከአቅራቢው ሳይሆን ከሱቅ ከተገዛው ራውተር ነው፤ የኢንተርኔት ገጹ ላይ ያለው የአድራሻ ሣጥን አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን የሚያስገቡበት ቦታ የለውም። አይፒ ቪ4 የሚባለው የተለመደው ዓይነት አድራሻ ደግሞ እንደልብ የሚገኝ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የዓለም አቀፉ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2011 አልቋል፤ አፍሪካን የሚያገለግለው አፍሪኒክም ከ2020 ጀምሮ የቀረውን በቁጠባ ነው የሚያከፋፍለው። ስለዚህ የተከፈለበት አድራሻ በሙሉ ሥራ ላይ መዋል አለበት።

ይህ መመሪያ /29 ወይም /28 (8 ወይም 16 ተከታታይ አድራሻ ያለው ክልል) ለተሰጠው ቢሮ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ነው፦ አንድ ሜይል ሰርቨር፣ አንድ ዌብ ሰርቨር፣ የካሜራ መቅጃ፣ ቅርንጫፍ በኢንተርኔት ተመስጥሮ የሚገባበት ቪፒኤን፣ እና ከ10 እስከ 50 የሚሆን ሠራተኛ ያለበት።

መጀመሪያ አቅራቢውን ይጠይቁ

ራውተር መምረጥ የሚጀመረው ከዋጋ ወይም ከፍጥነት አይደለም። አድራሻዎቹ ወደ ቢሮዎ የሚደርሱት በምን መንገድ ነው የሚለውን ካላወቁ ትክክለኛውን ዕቃ ገዝተው እንኳ በተሳሳተ መንገድ ያዋቅሩታል።

በምሳሌ እንየው። የተሰጠዎት 203.0.113.8/29 ነው እንበል። በዚህ ውስጥ 8 አድራሻ አለ። የመጀመሪያው .8 የኔትወርኩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው .15 ብሮድካስት (ለሁሉም መላኪያ) ስለሆኑ ለመሣሪያ አይሰጡም። .9 የአቅራቢው ጌትዌይ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት መውጫው ነው። ለእርስዎ የሚቀረው ከ.10 እስከ .14፣ አምስት ነው። በዚሁ ስሌት /30 አንድ ብቻ፣ /28 ደግሞ 13 ያስቀራል።

በመጀመሪያው መንገድ የአቅራቢው መሣሪያ ራሱ በዚሁ ክልል ውስጥ ይቀመጣል። ለ.12 የሚሄድ መረጃ ሲደርሰው በኬብሉ ላይ «.12 ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ ኤአርፒ ይባላል። የእርስዎ ራውተር ለአምስቱም አድራሻ «እኔ ነኝ» ብሎ መመለስ አለበት። ካልመለሰ አድራሻው ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው መንገድ የተለየ ነው። አቅራቢው ለመገናኛ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ትንሽ ክልል ይሰጣል፤ ለምሳሌ 198.51.100.4/30፣ እሱ .5፣ እርስዎ .6። ከዚያ «203.0.113.8/29 ሁሉ ወደ 198.51.100.6 ይሂድ» የሚል መስመር በራሱ ራውተር ላይ ያስገባል። እዚህ ላይ ለእያንዳንዱ አድራሻ የኤአርፒ ጥያቄ የለም፤ ሁሉም ወደ እርስዎ ይወረወራል። በዚህ መንገድ በኤንኤቲ (ራውተሩ የውጩን አድራሻ በውስጡ፣ የውስጡን በውጩ የሚተካበት አሠራር፣ «ናት»ም ይባላል) ብቻ ከተጠቀሙ ክልሉ በየትኛውም ኬብል ላይ ስለማይቀመጥ .8 እና .15ም ጭምር ይሠራሉ፣ ስምንቱም የእርስዎ ናቸው። የመምረጥ ዕድል ካለ ሁለተኛውን ይጠይቁ፤ የምንመክረው ያለማመንታት እሱን ነው። በፒፒፒኦኢ ስምና የይለፍ ቃል የሚገናኙና ተጨማሪ አድራሻዎቹ በዚያው ግንኙነት ውስጥ የሚመጡልዎት ከሆነም አሠራሩ ከሁለተኛው ጋር አንድ ነው።

ስልክ የሚያነሳው ሰው መልሱን ካላወቀው የተሰጠዎትን ወረቀት ይመልከቱ። ጌትዌዩ ከአድራሻዎቹ ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ክልሎች ከተጻፉ ሁለተኛው። ወረቀት ከሌለ ላፕቶፕ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ይሰኩ፣ .12ን ከማስክ 255.255.255.248 እና ከጌትዌይ .9 ጋር በእጅ ይሙሉ፣ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩ። ኢንተርኔት ካገኘ የመጀመሪያው መንገድ መሆኑ ተረጋገጠ። ሙከራውን ቶሎ ጨርሰው ላፕቶፑን ይንቀሉ፤ በዚያ ሰዓት ፋየርዎል ከፊቱ የለም።

በዚያው ስልክ ላይ ሦስት ነገር አብረው ይጠይቁ። ሞደሙ በብሪጅ ሞድ (መረጃውን ሳይነካ የሚያሳልፍ) ነው ወይስ ራሱ ኤንኤቲ ይሠራል? ራውተርዎ በኢንተርኔቱ በኩል 192.168 ብሎ የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ያለ አድራሻ ካገኘ ፐብሊክ አይፒዎ ገና ወደ እርስዎ አልደረሰም ማለት ነው። በመስመሩ ላይ ስንት ማክ አድራሻ (የየዕቃው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ይፈቀዳል? አንድ ብቻ ከሆነ ከሞደሙ ኋላ ተራ ስዊች አስቀምጦ ለየሰርቨሩ ፐብሊክ አይፒ በቀጥታ መስጠት አይሠራም። እና ለሜይል ሰርቨሩ አድራሻ የተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ (ከአድራሻው ወደ ስም የሚመልሰውን መዝገብ) ማን ያስገባል? ይህን መሙላት የሚችለው አድራሻውን የያዘው አቅራቢ ነው፤ እርስዎ በራስዎ ዶሜይን ገጽ ላይ አያገኙትም።

ከራውተሩ የሚፈለገው

በአንድ የኢንተርኔት ፖርት ላይ ብዙ አድራሻ መያዝ መቻሉ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፣ ሻጮችም የማያነሱት እሱን ነው፦ ከውስጥ የሚወጣው እያንዳንዱ መሣሪያ በየትኛው ፐብሊክ አይፒ እንደሚወጣ እርስዎ መወሰን መቻል አለብዎት። ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚገባውን ብቻ ነው የሚመራው። ሜይል ሰርቨሩ ደብዳቤ የሚቀበለው በ.11 ሆኖ የሚልከው ግን እንደ ሠራተኛው ሁሉ በ.10 ከሆነ ተቀባዮቹ የተገላቢጦሹን ስም ሲያዩ አይገጥምላቸውም። ደብዳቤው ወደ ስፓም ይገባል ወይም ይመለሳል።

ከእነዚህ ቀጥሎ ፋየርዎሉ ከኤንኤቲው ተለይቶ የሚጻፍ፣ ሰርቨሮቹን ከሠራተኛው በቪላን (በአንድ ዕቃ ላይ የተለያየ ኔትወርክ በሚፈጥር ክፍፍል) የሚለይ፣ ካስፈለገም በአንድ ፖርት ላይ ኤንኤቲ ሳይሠራ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ ከመግዛትዎ በፊት ማረጋገጥ ይቻላል። ከአምራቹ ድረ ገጽ የሞዴሉን ማንዋል አውርደው የኤንኤቲውን ምዕራፍ ብቻ ያንብቡ። «ዋን ቱ ዋን ናት» (One-to-One NAT፣ አንድ የውጭ አድራሻን ከአንድ የውስጥ መሣሪያ ጋር አንድ ለአንድ የሚያገናኝ) እና በዋን (WAN፣ የኢንተርኔቱ) ፖርት ላይ ተጨማሪ አድራሻ ስለማስገባት የሚናገር ክፍል ካለ ይቀጥሉ። ያለው ፖርት ፎርዋርዲንግ፣ ዲኤምዚ እና ዩፒኤንፒ ብቻ ከሆነ ዕቃው ለቤት ነው፣ ይለፉት።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ብዙ ሰው ያሳስታሉ። «ዱዋል ዋን» ወይም «መልቲ ዋን» የሚለው ጽሑፍ ሁለት መስመር ይቀበላል ማለት እንጂ በአንድ መስመር ላይ ሁለት አድራሻ ይይዛል ማለት አይደለም። የቤት ራውተር ላይ ያለው «ዲኤምዚ»ም የተለየ የሰርቨር ክፍል አይሠራም፤ ፖርቱን ሁሉ ከፍቶ ወደ አንድ የውስጥ መሣሪያ ይለቃል፣ ያ መሣሪያ ደግሞ ከሠራተኛው ኮምፒውተር ጋር በአንድ ኔትወርክ ላይ ነው።

ፍጥነቱን እንዴት ያንብቡ

ሣጥኑ ላይ ያለው ጊጋቢት የፖርቱ ነው። ራውተሩ ፋየርዎልና ኤንኤቲ እየሠራ የሚያሳልፈው ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። የራውተር አምራቹ ማይክሮቲክ ለየሞዴሉ የሙከራ ሰንጠረዥ ያወጣል፤ እዚያ ላይ የመጀመሪያውን ረድፍና ባለ 1518 ባይቱን ዓምድ ትተው 25 የፋየርዎል ሕግ ያለበትን ረድፍ በ512 ባይት ዓምድ ይመልከቱ። ለቢሮ ሥራ የሚቀርበው እሱ ነው። ያ ቁጥር ከመስመርዎ ፍጥነት እጥፍ ከሆነ ይበቃል። ቪፒኤን የሚበዛ ከሆነ የአይፒሴክ (የቪፒኤን ማመስጠሪያ) ሰንጠረዡን ለብቻው ያንብቡ፤ ማመስጠር ፕሮሰሰሩን ከሌላው ሁሉ በላይ ይበላል።

በማይክሮቲክ ላይ «ፋስትትራክ» የሚባለው አቋራጭ ፍጥነቱን በብዙ ያሳድገዋል። ነገር ግን በእሱ የሚያልፈው መረጃ የመስመር ክፍፍልንና የመንገድ መምረጫ ምልክቶችን ይዘላል። ሠራተኛው ቪዲዮ ሲያወርድ ስልኩ እንዳይቆራረጥ ፍጥነት የሚገድቡ ከሆነ ፋስትትራኩን ማጥፋት አለብዎት፤ ስለዚህ ሲገዙ ያለ እሱ ያለውን ቁጥር ያስሉ።

ምን ይገዛ?

እስከ 100 ሜጋቢት ለሚደርስ መስመር የማይክሮቲክ ሄክስ ይበቃል። አርቢ750ጂአር3 የሚባለው ሞዴል አምስት የጊጋቢት ፖርት፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ እና ሁለት ኮር ያለው 880 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር አለው። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሁለት ገዝቶ አንዱን በተመሳሳይ ቅንብር ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ አንድ ውድ ራውተር ከመግዛት ይሻላል ብለን እናምናለን። ሶፍትዌሩ ሮውተርኦኤስ ከዕቃው ጋር ይመጣል፣ ማሻሻያውም አይከፈልበትም።

መስመሩ ከ300 ሜጋቢት በላይ ከሆነ ወይም ብዙ ቅርንጫፍ በቪፒኤን የሚገባ ከሆነ አርቢ5009 ላይ ይሂዱ፦ አራት ኮር፣ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ ሰባት የጊጋቢት ፖርት፣ አንድ የ2.5 ጊጋቢት፣ አንድ ኤስኤፍፒ ፕላስ (ለፋይበር ሞጁል የሚሆን ማስገቢያ)። የመማር ጊዜ የሌለው ባለሙያ የቲፒሊንክ ኦማዳ ኢአር605ን ሊመለከት ይችላል፤ ዋን ቱ ዋን ናት አለው። የሚሠራው ግን የዋን ፖርቱ በስታቲክ አይፒ ሲዋቀር ነው፤ በፒፒፒኦኢ ለሚገናኝ ቢሮ አይመችም።

ሌላው አማራጭ በትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኦፒኤንሴንስ ወይም ፒኤፍሴንስ የሚባል የራውተር ሶፍትዌር መጫን ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፣ ገጻቸው ግልጽ ነው፣ የሚመዘግቡት ሎግም ስህተት ለመፈለግ ከሁሉም ይመቻል። የኔትወርክ ካርዱ ኢንቴል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሁለቱም የቆሙበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍሪቢኤስዲ ከሪልቴክ ካርድ ጋር ሲጨናነቅ መስመር ይቆራረጣል። ተጨማሪ አድራሻ የሚገባው «ቨርችዋል አይፒ» በሚለው ገጽ ነው፤ ዓይነቱን «አይፒ ኤሊያስ» ያድርጉት። «ፕሮክሲ ኤአርፒ» (ራውተሩ አድራሻውን ራሱ ሳይይዝ ለኤአርፒ ጥያቄው ብቻ የሚመልስበት) የሚለውን ከመረጡ አድራሻው ለኤንኤቲ ይሠራል፣ ራውተሩ ላይ ያለው ቪፒኤን ግን ሊጠቀምበት አይችልም።

ዕቃውን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ የሚያመጣልዎት ከሆነ ዋይፋይ የሌለውን ሞዴል ይዘዙ። ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት የማይክሮቲክ ዋይፋይ ሞዴሎች ፍሪኩዌንሲያቸው በፋብሪካ ተቆልፎ ነው የሚመጡት። ዋይፋዩን በተለየ አክሰስ ፖይንት መሥራት ለማንኛውም ይሻላል፤ ራውተሩ ያለበት ክፍል ብዙ ጊዜ ለሲግናል የሚመች ቦታ አይደለም።

የመብራት ነገርም ከምርጫው ይገባል። አርቢ750ጂአር3 ከ8 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል፣ ከ10 ዋት በላይ አይወስድም። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እየተሞላ ወደ 14 ቮልት ሲወጣም ምንም አይሆንም፣ በቀጥታ ይነሳል። አርቢ5009 ግን ከ24 ቮልት ጀምሮ ነው የሚሠራው፤ አንድ ባለ 12 ባትሪ አያስነሳውም። ሞደሙን አይርሱ። አብዛኛው ሞደም ትክክለኛ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ከባትሪ ጋር ሲያገናኙት በመሃል የቮልቴጅ ማስተካከያ ያስገቡ።

ማዋቀር

የሠራተኛው ኔትወርክ 192.168.10.0/24፣ የሰርቨሮቹ 192.168.20.0/24 ይሁን፣ በተለያየ ቪላን። የውስጥና የውጭ አድራሻውን መጨረሻ ያመሳስሉ፦ ሜይል ሰርቨሩ በውስጥ 192.168.20.11፣ በውጭ .11፤ ዌብ ሰርቨሩ .12። ሌሊት ስልክ ሲደወልብዎት ይህ ልማድ ብዙ ያግዛል። .10 ለሠራተኛውና ለቪፒኤኑ ይሁን፤ .13 እና .14 ለወደፊት ይቆዩ። ለካሜራ መቅጃው ፐብሊክ አይፒ አይስጡ። ማየት የሚፈልግ ሰው በቪፒኤን ይግባ፤ መቅጃዎች ሶፍትዌራቸው ስለማይታደስ በቀላሉ ይሰበራሉ።

በማይክሮቲክ መጀመሪያ 203.0.113.10/29ን በዋን ፖርቱ ላይ ያስገቡ፣ የነባሪ መንገዱን ወደ .9 ያድርጉ፣ ኢንተርኔት መኖሩን ይዩ። ከዚያ .11ን እና .12ን በዚያው ፖርት ላይ ይጨምሩ። አቅራቢዎ በሁለተኛው መንገድ የሚልክ ከሆነ ግን በዋን ፖርቱ ላይ የሚገባው 198.51.100.6 ብቻ ነው፤ የ/29ኙን አድራሻዎች መጨመር አያስፈልግም፣ የኤንኤቲ ሕጉ ብቻውን ይሠራል። በምትኩ ለ/29ኙ በሙሉ «ብላክሆል» (የሚመጣውን ዝም ብሎ የሚጥል) የሚል መንገድ ያስገቡ። ይህ ከሌለ ላልተያዘው .14 የሚመጣ መረጃ በነባሪው መንገድ ወደ አቅራቢው ይመለሳል፣ እሱም መልሶ ለእርስዎ ይልከዋል፤ ፓኬቱ ዕድሜው እስኪያልቅ ሁለቱ ራውተሮች መሃል ሲመላለስ መስመርዎን ይበላል።

የወጪውን ሕግ ሲጽፉ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ራውተሩ ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ በገጠመው ይቆማል። ከላይ 192.168.20.11 በ.11 ይውጣ፣ ቀጥሎ 192.168.20.12 በ.12፣ በመጨረሻ 192.168.10.0/24 በ.10። «ማስኬሬድ» የሚለውን ነባሪ ሕግ አጥፍተው የሚወጣበትን አድራሻ እርስዎ በሚጽፉበት በ«ኤስአርሲ-ናት» ይተኩት። ማስኬሬድ አድራሻውን ራሱ ይመርጣል፣ መስመሩ ለአፍታ ሲቋረጥም የተከፈቱትን ግንኙነቶች ሁሉ ይጥላል። አድራሻቸው ለማይቀየር ቢሮዎች አልተሠራም።

ለሚገባው መድረሻውን በሚቀይረው በ«ዲኤስቲ-ናት» ወደ .11 የሚመጣ ቲሲፒ 25፣ 465፣ 587 እና 993ን ወደ 192.168.20.11፤ ወደ .12 የሚመጣ 80 እና 443ን ወደ 192.168.20.12 ይምሩ። ሕጉ የሚለየው በመድረሻ አድራሻው ይሁን እንጂ «ከዋን ፖርት የገባ» በሚል አይሁን። እንዲህ ሲሆን የቢሮው ሠራተኛም በውጩ ስም ዌብሳይቱን መክፈት ይችላል። ሰርቨሩና ሠራተኛው በአንድ ኔትወርክ ላይ ከሆኑ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ሰርቨሩ መልሱን ራውተሩን ዘሎ በቀጥታ ስለሚልክ ግንኙነቱ አይጸናም። ቪላን የለዩበት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል።

ፖርት ሳይጠቅሱ አድራሻውን በሙሉ አንድ ለአንድ ማገናኘት ይቀልላል፣ ግን ከባድ አደጋ አለው። የማይክሮቲክ ነባሪ ፋየርዎል «ከውጭ የመጣ፣ በዲኤስቲ-ናት ያላለፈ አዲስ ግንኙነት ይጣል» ይላል። አድራሻው በሙሉ በዲኤስቲ-ናት ካለፈ የሚጣል ነገር አይኖርም፤ የሰርቨሩ ፖርት ሁሉ ለዓለም ተከፍቷል ማለት ነው። አንድ ለአንድ ካደረጉ በፎርዋርድ ሰንጠረዡ (በራውተሩ ውስጥ የሚያልፈውን በሚመለከቱት የፋየርዎል ሕጎች) ላይ የተፈቀዱትን ፖርቶች ዘርዝረው ቀሪውን ይጣሉ። በእነዚህ ሕጎች ላይ የሚጻፈው የውስጡ አድራሻ ነው፣ 192.168.20.11፤ ፎርዋርድ ላይ ሲደርስ መድረሻው ቀድሞ ተቀይሯል። የውጩን .11 የጻፈ ሰው ሕጉ ምንም ሳይቆጥር ዜሮ ላይ ሲቆም ያያል።

የራውተሩ ማስተዳደሪያ ከውጭ መዘጋት አለበት። በ2018 (እ.ኤ.አ.) በማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም በዊንቦክስ ላይ የተገኘው ቀዳዳ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የተጠቃሚዎችን መረጃ ያስነብብ ነበር፤ የተጎዱት ፖርት 8291ን ወደ ኢንተርኔት ክፍት የተዉት ናቸው። ዲኤንኤሱንም በሁሉም ፐብሊክ አድራሻ ላይ ይፈትሹ፦ ፖርት 53 ከውጭ ከመለሰ ራውተርዎ ሌሎችን ለማጥቃት ያገለግላል፣ መስመርዎም ይሞላል።

ሲበላሽ

በጣም የሚያደናግረው ራውተር በተቀየረ ቀን የሚመጣው ነው። .10 ይሠራል፣ .11 እና .12 ግን ድምፅ የላቸውም፤ ቅንብሩ ደግሞ ትክክል ነው። ምክንያቱ የአቅራቢው ራውተር የአሮጌውን ዕቃ ማክ አድራሻ ገና ስላልረሳ ነው። በሲስኮ ራውተሮች ነባሪው ቆይታ 4 ሰዓት ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ላለመጠበቅ የጌትዌዩን የኤአርፒ መዝገብ ከራውተርዎ ላይ ያጥፉና መነሻውን .11 አድርገው .9ን ፒንግ ያድርጉ፤ ጥያቄው ሲወጣ አቅራቢው አዲሱን ማክ ይማራል። ለእያንዳንዱ አድራሻ ይድገሙት። ካልሆነ የአሮጌውን ማክ በአዲሱ ዋን ፖርት ላይ ይጻፉ።

አንዳንድ ገጽ እየተከፈተ አንዳንዱ ከተንጠለጠለ፣ መስመሩም ፒፒፒኦኢ ከሆነ የፓኬት መጠን ጉዳይ ነው። ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 1492 ይሁን፣ የቲሲፒ ኤምኤስኤስ (በፓኬቱ ውስጥ የሚጫነው መረጃ ትልቁ መጠን) ደግሞ 1452 ላይ ይቆረጥ።

ፐብሊክ አይፒውን ራሱ ላይ መያዝ የሚፈልግ መሣሪያ ካለ፣ አንዳንድ የስልክ ማዞሪያዎች እንደሚፈልጉት፣ በሁለተኛው መንገድ ከ/29ኙ አንዱን በውስጥ ፖርት ላይ አስቀምጠው ለመሣሪያው ጌትዌይ ያድርጉት። ነባሪው ፋየርዎል ያለ ኤንኤቲ የሚገባውን ሁሉ ስለሚጥል የፈቃድ ሕግ መጨመር ግድ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ከሆነ ፕሮክሲ ኤአርፒን በዋን ፖርቱ ላይ አብርተው ለዚያ አድራሻ የ/32 (የአንድ አድራሻ ብቻ) መንገድ ወደ ውስጥ ይጻፉ።

ሲጨርሱ ፈተናውን ከቢሮው ዋይፋይ ሳይሆን ከሞባይል ዳታ ያድርጉ። .11 እና .12ን አንድ በአንድ፣ ከተፈቀደው ፖርት ውጭ ያለውንም ጭምር ይሞክሩ። ከዚያ ከየሰርቨሩ ላይ ሆነው የሚወጡበትን አድራሻ የሚያሳይ ገጽ ይክፈቱ፤ ሜይል ሰርቨሩ .11 ካላየ የወጪ ሕጎቹን ቅደም ተከተል ይመልሱ። ቅንብሩን ወደ ፋይል አውጥተው ከራውተሩ ውጭ ያስቀምጡ፣ መጠባበቂያው ላይም ይጫኑት። በመጨረሻ ሞደሙንና ራውተሩን አብረው ከመብራት ነቅለው ይሰኩ፣ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ፈተናውን ከመጀመሪያው ይድገሙ።